ሻለቃውና ኮሌጁ፤ በአንድ ዓመት ተወልደው የተለያዩት

በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጅማሬዎች ታዩ። በታኅሣሥ ወር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ። በሚያዝያ ደግሞ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ተጓዘ። ሦስት ሳምንት ገደማ በባሕር ላይ ቆይቶም በወሩ መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። አገሪቱ የመጀመሪያ ኮሌጇን በከፈተችበት ዓመት ጦሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር አዘመተች።

ሁለቱ ግን ሳይገናኙ ኖሩ። ኮሌጁ ለሚመጣለት ተማሪ እንጂ ለሚርቅ ተማሪ አልተዘጋጀም ነበር። ዘማቹም ወደ ግንባር ሲሄድ የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ ከመሄድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ይህ ክፍተት ዛሬም አልተደፈነም። ከወላይታ ከተሞች፣ ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካ ወይም ከገሱባ ተነሥቶ በሰላም አስከባሪነት ከአገር የሚወጣ ወጣት ወታደር የርቀት ትምህርት ሞጁሉንና ፈተናውን ምን ላድርገው ብሎ የሚጨነቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኮሪያ የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። በጦርነቱ 3,518 ያህል ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሲሰዉ 536ቱ ቆስለዋል፤ ለጠላት እጁን የሰጠ ግን አልነበረም። እነዚሁ ወታደሮች ከደመወዛቸው እያዋጡ በዶንግዱቾን ከተማ ለኮሪያ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ደግፈዋል። ከጎናቸው የተሰለፈው አሜሪካዊ ወታደር ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው። በ1942 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የትምህርት ተቋም በፖስታ መጻሕፍትና የመልመጃ ወረቀት ይልክለት ነበር። ወታደሩ ከምሽግ ሲመለስ መልመጃውን ሠርቶ ይልካል፤ ውጤቱም አገሩ ሲገባ ይታሰብለታል።

አሜሪካኖቹ በዚህ ብቻ አላበቁም። በጥቅምት 1942 ዓ.ም. የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰባት መምህራን ወደ ጀርመን ልኮ በጦር ሰፈሮች ውስጥ የማታ ትምህርት ጀመረ። ወታደሩን ወደ ዩኒቨርሲቲው መጥራት ቀርቶ ዩኒቨርሲቲው ወታደሩን ተከትሎ ሄደ። ፕሮግራሙ ከጀርመን እየሰፋ ሄዶ እኛ ዘንድም ደረሰ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ በተፈራረሙት የ25 ዓመት ስምምነት መሠረት አሜሪካ አስመራ ላይ ትልቅ የመገናኛ ሰፈር ነበራት። ሰፈሩም በኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ክብር ‹‹ቃኘው ስቴሽን›› ተባለ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በዚያ ሰፈር የሚያገለግሉ አሜሪካውያን ወታደሮች ከሥራ ሰዓት ውጭ የሜሪላንድን ኮርሶች ይወስዱ ነበር። በቃኘው ስም የተጠራው ሰፈር እስከ ተዘጋበት እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የባሕር ማዶ ወታደር እያገለገለ ኮሌጅ መማር እንደሚችል በገዛ ምድራችን አሳይቷል። ስሙን ያወረሱት የቃኘው ዘማቾች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም።

የኢትዮጵያ ጦር ጉዞ በኮሪያ አላቆመም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮንጎ ሄደ፤ ጄኔራል ከበደ ገብሬም የተባበሩት መንግሥታትን የኮንጎ ኃይል እስከ መምራት ደረሱ። ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉርና ሶማሊያ ተከትለዋል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የአብዬ ኃይል ሲቋቋም መጀመሪያ የተሰማራው ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የኢትዮጵያ ሠራዊት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያ ከስምንት ሺህ በላይ ወታደሮችን በማሰማራት ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር ከዓለም ቀዳሚዋ አገር ሆና ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን የስምሪቱ ስፋት ሲያድግ የትምህርቱ ጉዳይ ለእያንዳንዱ ወታደር የግል ጥረት ተትቷል።

በጦርነት ምክንያት የተቋረጠ ትምህርት በርቀት ሊቀጥል እንደሚችል የሚያሳይ የራሳችን ታሪክም አለን። በ1967 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ትጥቅ ትግል ገቡ። ከእነርሱ አንዱ የሕክምና ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠው መለስ ዜናዊ ነበር። በረሃው አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ወሰደ። ከዚያ በኋላ መለስ በሥልጣን ላይ ሆኖ በእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምሮ በ1995 እ.ኤ.አ. በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ አገኘ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ መካከል የቀድሞ ታጋዮችን ተቀብሏል። በፖለቲካው ላይ ማንም የራሱ አቋም ይኑረው፤ ትምህርቱን በሚመለከት ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። አገሪቱ በፈለገች ጊዜ ለታጋይ መማሪያ መንገድ አበጅታለች። ያ መንገድ እስከ ተራው ወታደር አለመድረሱ ነው ቅር የሚያሰኘው።

ትምህርት ወደ ተማሪው የሚሄድበት ወግ ለወላይታ እንግዳ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ሌሎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ናቸው። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አስገኝቷል። ያኔ የተሠራበት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ገበሬው እርሻውን ጥሎ ወደ ከተማ ከሚሄድ ፊደሉ ወደ ቀበሌው ይሂድ የሚል ነው። ገበሬው ባለበት ተማረ፣ በሚናገረው ቋንቋ ተማረ። ለወታደሩም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ጉዳዩ በወላይታ ይበልጥ የሚጠብቅበት ምክንያት ደግሞ መሬት ነው። ዞኑ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ በጥግግት ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። የአብዛኛው ገበሬ ማሳ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። እንሰቱ፣ ቦሎቄውና ስኳር ድንቹ ለስንት ልጅ ይደርሳል? ከሠራዊት ሲመለስ የሚወርሰው ማሳ የሌለው ወጣት የሚተማመነው በእጁ ባለው ሙያና በዲግሪው ነው። ግዳጅ ላይ ሆኖ ያመለጠው እያንዳንዱ ሴሚስተር በኋላ ለቤተሰቡ ከሚያመጣው ገቢ ላይ የሚቀነስ ነው።

መማሪያው ተቋምም አለ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በጋንዳባ ዋና ግቢው፣ በኦቶና የጤና ትምህርትና ሆስፒታሉ፣ በዳውሮ ታርጫ ካምፓሱም ሰፍቷል። ሶዶም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትና በርቀት የሚሰጥ ትምህርት በአገራችን ለመምህሩና ለጤና ባለሙያው የተለመደ ሆኗል። የግል ኮሌጆችም የርቀት ትምህርት በሞጁልና በማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጡ ከሃያ ዓመት በላይ አስቆጥረዋል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት በጥራት ስጋት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ ቆይቶ በተወሰነ ደንብ እንዲቀጥል መፍቀዱ ይታወሳል። የጥራቱ ስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን የራቀውን ተማሪ መተው ሳይሆን ፈተናውን ማጥበቅ ነው።

ችግሩ የሚገለጠውም ፈተናው ላይ ነው። ሞጁል በሻንጣ ይያዛል፤ በስልክ ተጭኖም ኔትወርክ በሌለበት ይነበባል። ፈተና ግን ቀንና ቦታ ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል፤ እሱም በተወሰነ ወቅት፣ በተወሰነ ማዕከል የሚሰጥ ነው። የሰላም ማስከበር ግዳጅ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በዚያ መካከል ፈተና ያመለጠው ወታደር ብዙ ጊዜ ‹‹ያቋረጠ›› ተብሎ ይመዘገባል። ሲመለስ ካሪኩለሙ ተለውጦ ይጠብቀዋል፤ አብረውት የነበሩት ተመርቀዋል፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ያኔ ነው።

ይህን ለማስተካከል ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። መከላከያ ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች ቢስማሙ ግዳጅ ላይ ያለ ተማሪ ማዕረጉን እንደያዘ ሁሉ የተማሪነት መዝገቡንም ይዞ ሊቆይ ይችላል። የጦር ሰፈሩን የትምህርት መኮንን ፈታኝ አድርጎ መመደብ፣ የታሸገ ፈተና በመደበኛው የጦሩ መልዕክት መላክ፣ የመውጫ ፈተናውንም ከግዳጅ እንደተመለሰ ባለው ቀጣይ ዙር እንዲወስድ መብት መስጠት ይቻላል። የሜሪላንድ መምህራን ከ70 ዓመታት በላይ በፊት በአውሮፓ የጦር ሰፈሮች ያደረጉት ከዚህ ከባድ ነበር፤ እነርሱ ራሳቸው ሄደው ነውና። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ለዞኑ ልጆች ይህን ቢጀምር ለሌሎቹ አርአያ ይሆናል።

በ1943 ዓ.ም. ሻለቃውና ኮሌጁ የተለያዩት አገሪቱ ሁለቱን የሚያገናኝ አቅም ስላልነበራት ነው። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ስልኩ አለ፣ የርቀት ትምህርቱ ልምድ አለ። የጎደለው ውሳኔ ነው። ስንቅና ትጥቅ ሲቆጠር ትምህርቱም አብሮ ቢቆጠር፣ ከወላይታው ዳሞት ተራራ ሥር የሚነሣ ወጣት አገሩን ከማገልገልና ከመማር አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።