የሦስት ክንድ ነገር፤ መኪና ቢስክሌትን ሲቀድም

መኪና ነጂ ቢስክሌተኛን ሲቀድም የሚተወው ክፍተት እንዲያው የጠባይ ጉዳይ ይመስላል። ጨዋው ራቅ ብሎ ያልፋል፤ ባለጌው ክርን ታክኮ ይፈተለካል፤ አለቀ። እኛ ግን ነገሩ ታሪክ አለው እንላለን። ነጂው ጥሩምባውን እያንባረቀ «ከመንገዴ ውረድ!» ሲል፣ «መንገዴ» የምትለዋን ቃል ከየት አመጣት?

ለዚህ ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ ይኖርብናል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር መንገደኛውን ጠቅልሎ ሲወስደው የሠረገላው ጐዳና ጭር ብሎ ነበር። ነፍስ የዘሩበት ቢስክሌተኞች ናቸው። የጉዞ ክበባቸውን በ1878 አቋቋሙ፤ በ1886 ደግሞ የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር መሥርተው ጐዳናው እንዲስተካከል ሹማምንቱን ይወተውቱ ጀመር። በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ቢስክሌት እንደ ሠረገላ እንዲቆጠር ደነገገ። በዚያው ዓመት፣ ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ቢስክሌት ብሎ የሠራውን በነፋስ የሚሞላ ጎማ በስሙ አስመዘገበ። መኪና ዛሬ የምትንሳፈፍበት ጎማ ማለት ነው! ሄንሪ ፎርድም በ1896 ዲትሮይት ውስጥ የሠራት የመጀመሪያ መኪናው የቆመችው በአራት የቢስክሌት ጎማዎች ላይ ነው። እንግዲህ ማን በማን ቤት እንግዳ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በእኛ አነጋገር ይህ ጡት ነካሽነት ይባላል።

ከዚያ በኋላ ቢስክሌት የሠራተኛው መጓጓዣ፣ መኪና የባለገንዘቡ ሆነ። በ1934 በብሪታንያ መንገዶች 7,343 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሌስሊ ሆር ቤሊሻ ለንደን ውስጥ በዌስተርን አቬኑ ጐን ለቢስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ መርቀው ከፈቱ። ቢስክሌተኞቹ ታዲያ እልል አሉ? የለም፣ ተቃወሙ! ዛሬ ጠባብ መተላለፊያ ሰጥተው ነገ ከዋናው ጐዳና ሊያስወጡን ነው አሉ። ሥጋታቸው መሠረት ነበረው፤ ለነፍሳቸው ግን የበጀ አይመስለንም።

ሆላንድ ሌላ መንገድ ሄደች። እዚያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ቢስክሌትን ወደ ዳር ገፍቶት ነበር። በ1971 ወደ 3,300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በዚህ አደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ በ1972 «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ፤ አርእስቱ የንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆችና ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ መንገድ ዘጉ። በ1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ጸጥ ያለ ጐዳና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። ዛሬ የምንሰማለት የሆላንድ የቢስክሌት መንገድ የመጣው ሰዉ በተፈጥሮው ጨዋ ስለሆነ ሳይሆን እንዲህ በትግል ነው።

መንገድ ያልተከለለት ቢስክሌተኛስ? እሱ አሁንም በነጂው ግምት ይኖራል። በ2006 እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ምሁር ኢያን ዎከር ቢስክሌቱ ላይ መለኪያ ገጥሞ ከ2,300 በላይ መኪናዎች ምን ያህል ተጠግተው እንዳለፉት መዘገበ። የራስ መከላከያ ቆብ ሲያደርግ በአማካይ 8.5 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ ተጠጉት፤ ሴት ለመምሰል ረጅም አርቴፊሻል ጸጉር ሲያጠልቅ ግን ራቁለት። በዚሁ ጥናት ላይ አንዴ አውቶቡስ፣ አንዴ የጭነት መኪና ገጭተውታል። በ2013 ሌሎች ምሁራን የቆቡን ስሌት ተከራክረውታል፤ ክርክሩ ይቆየን። እኛን የገረመን ነጂው ክፍተቱን የሚሰፍረው ከፊቱ ያለውን ሰው ማንነት እየገመተ መሆኑ ነው። የሚጣደፈውስ ለስንት ነው? በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ቢስክሌት ኋላ 100 ሜትር ቢታገሥ 20 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በእጥፍ ፍጥነት ቢያልፈው 10። ትርፉ እንግዲህ ይቺው 10 ሴኮንድ ናት፤ በዚያኛው በኩል ያለው ግን ጉድጓድ ለመሸሽ አንድ ክንድ ፈቀቅ ቢል ጎማ ሥር ይገባል።

በቁጥር የተጻፈው ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን በ1973 ቀድማ ሦስት ጫማ፣ ማለትም 91 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ደነገገች። ጀርመን በ2020 ከተማ ውስጥ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር አለች፤ 1.5 ሜትር በእኛ ልክ ሦስት ክንድ መሆኑ ነው። ብሪታንያም በ2022 ያንኑ 1.5 ሜትር በመንገድ ደንቧ ውስጥ በመመሪያነት አስገባች። ግን የሚሮጥ መኪና ላይ ክንድ የሚዘረጋ ማን ነው? የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ በ2016 መላ አገኘ፤ ፖሊሱ ሲቪል ለብሶ ቢስክሌት ላይ ይወጣል፣ ተጠግቶ ያለፈውን ነጂ ጓደኞቹ ወደፊት ጠብቀው ያስቆሙታል፤ ከዚያም ክፍተቱ የተሣለበት ትልቅ ምንጣፍ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ና ቁም እዚህና እየው ይሉታል።