ውሻን ስለ ማሠልጠንና ስለ መታዘዝ



ውሻን ማሠልጠን የጨዋታ ሥራ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ታሪኩ ሲመረመር ግን ታላቅ ቁም ነገር ያለበት ሙያ ሆኖ ይገኛል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የጀርመን ወታደሮች ዓይናቸውን ስላጡ፣ ዶክቶር ጌርሃርድ ሽታሊንግ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. በኦልደንቡርግ ከተማ ለዓይነ ስውራን መሪ የሚሆኑ ውሾች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1928 ዓ.ም. ሞሪስ ፍራንክ የተባለ ዓይነ ስውር አሜሪካዊ ወጣት ወደ ስዊስ አገር ሄዶ፣ ወይዘሮ ዶሮቲ ዩስቲስ ካቋቋሙት ማሠልጠኛ በዲ የተባለችውን ውሻ ተቀበለ፤ በኒው ዮርክም መኪና የሚተራመስበትን ሰፊ ጎዳና በእርሷ መሪነት ተሻገረ። በ1929 ዓ.ም. ሁለቱ በናሽቪል ከተማ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት አቆሙ።

አሠልጣኙ ውሻውን አስቀድሞ የሚያስተምረው መታዘዝን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን አለመታዘዝ ነው፤ ይኸውም ጌታው «ሂድ» ቢለውም እንኳ ከፊቱ ጉድጓድ ወይም መኪና ካለ ንቅንቅ እንዳይል ነው። ይህንንም ለመፈተን አሠልጣኙ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ራሱን ለውሻው አደራ ይሰጣል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችሁ የምትደክሙ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፤ ለታዘዘው ሁሉ እሺ የሚል አገልጋይ ሞልቷል፤ ጌታውን ከገደል አፋፍ የሚያቆም ግን እርሱ ታማኝ ነው።