የደቃቅ ምስሎች ቀቢዎች

ደቃቅ የወታደር ምስሎችን ቀለም መቀባት ዛሬ በብዙ አገሮች የዕረፍት ጊዜ ጥበብ ነው። ወዳጆቹ ቀን ቆርጠው ይወዳደራሉ፤ የልብሱን ቁልፍ ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ያወጡታል። የጥበቡ ታሪክ ግን ከዕረፍት አልተወለደም።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን፣ በኑረምበርግ፣ ዮሐን ጎትፍሪድ ሂልፐርት የተባለው ባለሙያ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ወታደሮችን ቀልጦ በሚፈስ ማዕድን ይሠራ ነበር። በ1848 እ.ኤ.አ. ኤርንስት ሃይንሪክሰን የእግረኛውን ቁመት በ30 ሚሊ ሜትር ወሰነ። ገበያው ሲሰፋ ቅቡ ወደ ድሆች ቤት ገባ፤ ሴቶችና ሕፃናት በቁጥር እየተከፈላቸው ይቀቡ ጀመር።

በ1893 እ.ኤ.አ. በለንደን የብሪተን ቤተሰብ ፋብሪካ ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ማዕድን ምስል አወጣ፤ ማዕድኑ ስለቀነሰ ዋጋው ረከሰ። እዚያም ብሩሹን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን፣ ይኸው ፋብሪካ የኢትዮጵያን የክብር ዘበኛ ምስል ለገበያ አቀረበ። በዓድዋ ልጆች አገር እውነተኛው ዘበኛ ሲወድቅ፣ በለንደን የእርሳሱ ዘበኛ በቁጥር በሚከፈላት ሴት እጅ ይቀለም ነበር።

በምስሉ ላይ የቀረው የፋብሪካው ስም ነው፤ የቀቢዋ ስም አልተጻፈም። የዛሬው ተወዳዳሪ ለደስታው ይቀባል፣ በስሙም ይሸለማል። የጥበቡ ታሪክ ሲጻፍ ግን እነዚያ ስም ያልወጣላቸው እጆች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ሊቆጠሩ ይገባል።