የጓሮአችን ዱባ ከየት መጣ?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ታሪክ ነው። ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ትልልቅ ከተማ ነው። ይህም ታሪክ ነው። ነገር ግን ታሪክ በጓሮም አለ። እስቲ ተነሡና አብረን ወደ ጓሮ እንውጣ። ያ በመሬት እየተሳበ አጥሩ ላይ የወጣው ሐረግ ምንድን ነው? ዱባ ነው። ከወዲያ በኩል ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውስ? ቅል ነው።

«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ሰምታችኋል። ሁለቱም ሐረግ ናቸው። ሁለቱም ሰፊ ቅጠልና ትልቅ ፍሬ አላቸው። ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው ማለት ነው። ይህን ያሉት ወላጆቻችን ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ተክለው ነው ያወቁት። ዛሬ ሊቃውንት ተመራምረው የደረሱበትን ስንሰማ፣ አባባሉ እኛ ካሰብነው የበለጠ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። የዱባና የቅል አበቃቀል ብቻ አይደለም ለየቅል የሆነው። አገራቸውም፣ የመጡበትም መንገድ ለየቅል ነው።

በቅል እንጀምር። ቅል የአፍሪካ ልጅ ነው። ማንም ሳይተክለው በዱር የሚበቅል ቅል ዚምባብዌ በምትባለው የአፍሪካ አገር ተገኝቷል። ሰው ገና ማሰሮና እንስራ መሥራት ሳይጀምር፣ ቅል የውኃ ዕቃው ነበር። እኛም እስከ ዛሬ ወተት እንንጥበታለን። ለሁለት ሰንጥቀን ሽክና እናደርገዋለን፤ ጠላም እንጠጣበታለን።

የደረቀ ቅል በውኃ ላይ አይሰጥምም። ተመራማሪዎች ቅልን በባሕር ውኃ ላይ ከ7 ወር በላይ አንሳፍፈው ዘሩን ሲዘሩት በቅሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለምን ቢሉ፣ በአፍሪካና በአሜሪካ መካከል ትልቅ ውቅያኖስ አለ። ስሙ አትላንቲክ ይባላል። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ መርከብ ሳይኖር፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች በቅል ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዘር ምርመራ እንዳሳየው፣ ያ የአሜሪካ ቅል ዘመዱ የአፍሪካ ቅል ነው። ማንም ሳይቀዝፍለት፣ ማዕበል እየገፋው ውቅያኖሱን ተሻገረ። (እ.ኤ.አ. ማለት እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ዱባ እንምጣ። «ዱባማ የአያት የቅድመ አያታችን ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዱባ እንግዳ ነው። የተወለደው በአሜሪካ ምድር ነው። በሜክሲኮ አገር፣ ዋሃካ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ጊላ ናኪትስ የተባለ ዋሻ አለ። በ1966 ሊቃውንት ዋሻውን ሲቆፍሩ የዱባ ዘር አገኙ። በ1997 እንደ ገና ዕድሜው ሲመረመር፣ ሰው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ተክሎ ያበቀለው ዱባ ዘር ሆኖ ተገኘ። አስተውሉ! በቆሎ እንኳ በዚያ ምድር የተለመደው ከዚህ በኋላ ነው።

ያ የጥንቱ የዱር ዱባ ግን የዛሬውን አይመስልም ነበር። ትንሽ ነው። ደግሞም ይመራል። ምሬቱም እንዲያው ምሬት ብቻ አልነበረም፤ መርዝ ነው። ዛሬ ከምድር የጠፉ ዝሆን መሰል ትልልቅ አውሬዎች ይበሉት እንደ ነበር በፋንድያቸው ውስጥ የተገኘው ዘር ይመሰክራል። ሰው ግን ሥጋውን መብላት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የተጠቀመው በውስጡ ባለው ዘርና በቅርፊቱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ታዲያ ማን አጣፈጠው? ገበሬው ነዋ! መራራውን ይጥላል። የተሻለውን ዘሩን ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ይመርጣል። ልጁም እንዲሁ፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ለብዙ ሺህ ዓመት ሲመረጥ ኖሮ ዱባ ሥጋው ወፈረ፤ ምሬቱም ለቀቀው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዱባን ከበቆሎና ከባቄላ ዘመድ ከሆነው ቦሎቄ ጋር በአንድ መሬት ይተክሉት ነበር። በቆሎው ለቦሎቄው ምርኩዝ ይሆነዋል። ቦሎቄው መሬቱን ያዳብራል። ዱባው በሰፊ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ያቆያል፤ አረምም ያፍናል። ኢሮኳ የተባሉት ሕዝቦች እነዚህን ሦስቱን «ሦስቱ እኅትማማቾች» ይሏቸዋል።

በ1492 ኮሎምቦስ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ። ከዚያ በፊት በአገራችንም ሆነ በአረብ አገር፣ በኤሮፓም ቢሆን፣ ይህን ዱባ የቀመሰ ሰው አልነበረም። የላሊበላን ቤተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች የዱባ ወጥ አያውቁም ነበር ማለት ነው። ስሙስ? በአረብኛ ዱባ የሚመስል ስም አለ። ጥንት ግን ይጠሩበት የነበረው ቅልን ነው። እንግዳው ፍሬ ሲመጣ የቀድሞውን ስም ወረሰ።

ከ1492 በኋላ ነገሩ ፈጠነ። አን የምትባል የፈረንሳይ ንግሥት የጸሎት መጽሐፍ ነበራት። ከ1503 እስከ 1508 ባለው ጊዜ ቡርዲሾን የተባለ ሠዓሊ በዚያ መጽሐፍ ገጽ ላይ የዱባ ሐረግ ከነአበባው ሣለ። በኤሮፓ እስከ ዛሬ ከታወቁት የዱባ ሥዕሎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ሐረጉ ደርቋል፤ ንግሥቲቱም ሞታለች። መጽሐፉ ግን አለ። ከ500 ዓመት በኋላም «በዚህ ጊዜ ዱባ እዚህ ደርሶ ነበር» እያለ ይናገራል። የተጻፈ ነገር እንደዚህ ነው።

በአገራችንስ? ድንችን እንውሰድ። ድንች በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ ሰው አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ በታሪክ ተጽፏል። ለዱባ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልተያዘለትም። በየጓሮው የተከሉት፣ ዘሩን ለጎረቤት ቆንጥረው የሰጡ፣ ለተዳረች ልጅ በጨርቅ ቋጥረው የላኩ፣ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ስማቸውን የጻፈ የለም። እነርሱም መጻፍ አልተማሩም።

የራሴን እናት ልንገራችሁ። እናቴ ዘር የምታስቀምጠው በአሮጌ ጨርቅ ቋጥራ ነበር። ከምድጃው በላይ፣ ጢስ በሚደርስበት ቦታ ትሰቅለዋለች። አንዱን ጨርቅ አንድ ጊዜ ትቋጥረዋለች። ሌላውን ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ። ቋጠሮው ፊደሏ ነበር። የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው እስከ ፋሲካ ጾም ሳይበላሽ እንደሚቆይ ከቋጠሮው ታውቃለች። እኛ ልጆቿ ግን አልጠየቅናትም። እናቴ ስትሞት ጨርቆቹ እዚያው ተሰቅለው ቀሩ። ፈትተን ብናየው ሁሉም ዘር ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያነብልን አልነበረም። ያ እስከ ጾም የሚቆየው ዱባ ከዚያ ወዲህ በቤታችን አልታየም።

እናንተ ግን ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ለዚሁ ነው። በመጀመሪያ ዱባ እንትከል፤ ቀጥሎ እንጽፋለን።

ዝናቡ ሲጀምር ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ክንድ የሚያህል ወርድ ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ መልሱበት። በአንድ ጉድጓድ 3 ወይም 4 ዘር፣ ሁለት ጣት በሚያህል ጥልቀት ዝሩ። ሲበቅሉ ጠንካሮቹን 2 ተዉና ሌላውን ንቀሉ። ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው 2 ሜትር ያህል ይሁን። ዱባ መንገድ ይወዳል፤ ቦታ ካላገኘ ጎረቤት ይሄዳል።

ሲያብብ አትደንግጡ። መጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ይረግፋሉ። «መካን ነው» ብላችሁ እንዳትነቅሉት! እነዚያ ወንዴ አበቦች ናቸው። ሴቴዎቹ ዘግየት ብለው ይመጣሉ። የሴቴዋ አበባ ምልክት ከሥሯ እንደ እንቁላል ያለች ትንሽ ዱባ መኖሯ ነው። የወንዴውን ዱቄት ወደ ሴቴዋ የምታደርሰው ንብ ናት። ንብ ከጠፋች ማለዳ ተነሥታችሁ ወንዴ አበባ ቀጥፉና ዱቄቱን በሴቴዋ አበባ ውስጥ ቀቡት።

ዱባው የደረሰ መሆኑን በጥፍራችሁ እወቁ። ጥፍር ቅርፊቱን ካልበሳው፣ አንገቱም ከደረቀ፣ ደርሷል። አንገቱን ሳትሰብሩ በቢላ ቁረጡት። በደረቅና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ካስቀመጣችሁት ብዙ ወር ይቆያል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ስሙ። ለጌጥ ተብለው የሚተከሉ መራራ ትናንሽ ዱባዎች አሉ። ንብ ከእነዚህ አበባ ተነሥታ በእናንተ ዱባ ላይ ብታርፍ፣ የዘንድሮው ዱባችሁ ጣዕሙ አይለወጥም። ዘሩ ግን ተደባልቋል። በሚቀጥለው ዓመት ያን ዘር ስትዘሩት፣ ያ የጥንቱ መርዝ ያለው ምሬት ሊመለስ ይችላል። ቅል በአጠገቡ ቢበቅል ግን አትስጉ። ዱባና ቅል በንብ አይዳቀሉም፤ እነርሱ ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ዱባ ስትከፍቱ ጥሬውን ቆንጥራችሁ በምላሳችሁ ጫፍ ቅመሱና ትፉት። ከመረረ አትብሉት። ለልጆችም አትስጡ። ቢቀቀልም፣ በርበሬ ቢበዛበትም ምሬቱ አይለቅም። ሆድ ይቆርጣል፤ ያስመልሳል፤ ያስቀምጣል። ዘሩንም አታስቀምጡ። 10,000 ዓመት የተለፋበት ነገር በአንድ ዓመት ቸልታ እንዳይበላሽ እያንዳንዱ ጓሮ ዘበኛ ነው።

«ይህን ያህል ስለ ዘር ማሰብ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር ልንገራችሁና እንጨርስ። ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ ሊቅ በ1927 በአገራችን በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። ከዓለም ዙሪያ ያመጣው ዘር ሌኒንግራድ በተባለች ከተማ፣ ከየት እንደ መጣ እየተመዘገበ ይቀመጥ ነበር። ከ1941 እስከ 1944 ከተማዋ በጦር ተከበበች። ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። የዘር ጠባቂዎቹም ሩዙ፣ ስንዴው፣ ኦቾሎኒው በእጃቸው እያለ አንዲት ፍሬ ሳይበሉ ብዙዎቹ በረሃብ ሞቱ። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 በእስር ቤት ሞቷል። ዘሩ ግን ተረፈ።

በአገራችንም በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማቆያ ማዕከል ተቋቁሟል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማዕከል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት ብለው ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። ስለዚህም ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እኛ ደግሞ በጓሮአችን እንሥራ። ከጥሩው ዱባ ዘሩን አውጡ፤ እጠቡት፤ በጥላ አድርቁት። ደርቆ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ በወረቀት ጠቅልሉት። እርጥበትና አይጥ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ዘሩ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል። በወረቀቱም ላይ እርሳስ አንሥታችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«የዱባ ዘር። ትልቁና ሽንትር ያለበት። ቀምሼዋለሁ፣ አይመርም። ዘሩን የሰጠችኝ . . . ናት። የወጣበት ቀን . . .»

ባዶውን ቦታ እናንተ ሙሉት። ዘሩን የሰጠቻችሁን ሴት ስም አትርሱ። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሚሏችሁንም ጻፉት። የንግሥቲቱ ዱባ በመጽሐፍ ስለ ተሣለ ታወቀ። የእናቶቻችንም ዱባ ይጻፍለት።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በደኅና ሰንብቱ።