ፊቱን የሚያይ፣ ምልክት የሚያነብ መኪና፦ ምኑን ያያል? ምኑንስ ይስታል?

በአውራ ጎዳና ላይ ፍጥነቱን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ላይ የወሰነ አሽከርካሪ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ያነሣል። ቀርፋፋ የጭነት መኪና ከፊቱ ሲገባ መኪናው በራሱ ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የጭነት መኪናው መስመሩን ሲለቅ ደግሞ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ይመለሳል። በዚህ መካከል በቀይ ቀለበት የተከበበ "80" የሚል ቁጥር በዳሽቦርዱ ላይ ብቅ ይላል። ቁጥሩ ከአፍታ በፊት መንገድ ዳር ከቆመ ምልክት ላይ የተነበበ ነው።

የመጀመሪያው ሥርዓት አዳፕቲቭ ክሩዝ ኮንትሮል ይባላል። ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ጋር ያለውን ርቀት እየጠበቀ ፍጥነትን ያስተካክላል። ሁለተኛው የትራፊክ ምልክቶችን በካሜራ የሚያነብ ሥርዓት ነው። ሁለቱም ለዓመታት የቅንጡ መኪኖች መለያ ነበሩ። ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው መኪኖች ላይም ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ወደ አገሪቱ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከልም እነዚህ ሥርዓቶች የተገጠሙላቸው ጥቂት አይደሉም።

ችግሩ ሥርዓቶቹ የተሠሩት መስመሩ ለተሰመረ፣ ምልክቱ በደረጃው ለተተከለ መንገድ መሆኑ ነው።

ከዓይነ ስውሩ መሐንዲስ እስከ ራዳር

የሐሳቡ ጥንስስ ማየት ከማይችል ሰው የመጣ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር የዓይን ብርሃኑን ያጣው በአምስት ዓመቱ ነበር። እንደሚነገረው፣ ጠበቃው መኪና እየነዳ ሲያወራ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ደግሞ ይጨምር ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው ቲተር በዚህ መንገጫገጭ ተሰላችቶ ፍጥነትን አንድ ቦታ ላይ የሚያጸና መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። የፈጠራ መብቱንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 አገኘ። የክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል መኪና መሣሪያውን ይዞ ገበያ ላይ የዋለው በ1958 ነው።

የቲተር መሣሪያ ፍጥነትን ከማጽናት ያለፈ ነገር አያውቅም ነበር፤ ከፊት ምን እንዳለ የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከጀመሩት አንዱ የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ነው። ኩባንያው በ1995 ዲያማንቴ በተባለው ሞዴሉ ላይ በሌዘር ርቀትን የሚለካ ሥርዓት ገጠመ። ሥርዓቱ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል ይቀንስ እንጂ ፍሬን አይዝም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ መርሴዲስ ቤንዝ በኤስ ክላስ መኪናው ላይ ራዳርን ከፍሬን ጋር አገናኘ። ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት ከዚያ የወረደ ነው።

ራዳሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው አርማ ወይም ከፊት መከላከያው ጀርባ ይቀመጣል። በ77 ጊጋ ኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከፊት ያለውን መኪና ነክቶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ርቀቱን ይነግረዋል። የአምቡላንስ ጩኸት ሲቀርብ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅ እንደሚወፍር ሁሉ የተመላሹ ሞገድ ድግግሞሽም ይለወጣል። ከዚህ ለውጥ ደግሞ ከፊት ያለው ተሽከርካሪ እየቀረበ ይሁን እየራቀ፣ በምን ያህል ፍጥነትስ እንደሆነ ይታወቃል።

አሽከርካሪው የሚመርጠው ክፍተት የሚለካው በሜትር ሳይሆን በጊዜ ነው። የሁለት ሴኮንድ ክፍተት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ 28 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ወደ 56 ሜትር ያድጋል። በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ ይህ ክፍተት ለሌላ አሽከርካሪ እንደ ግብዣ ይታያል። አንዱ ሲገባ መኪናው ወደ ኋላ ይላል፤ ሌላው ይደገማል። ብዙዎች ሥርዓቱን ከተማ ውስጥ የሚያጠፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አይፈረድባቸውም።

የቆመው ነገር ምሥጢር

ራዳር በግልጽ የሚለየው የሚንቀሳቀስ ነገርን ነው። ድልድይ፣ የምልክት ምሰሶ፣ የመንገድ ዳር የብረት አጥርና የወደቀ ቆርቆሮ ሁሉም ሞገድ ይመልሳሉ። መኪናው ለእያንዳንዳቸው ፍሬን ቢይዝ ጉዞ አይኖርም። ስለዚህ በተለይ የቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ሲንቀሳቀስ ያላዩትን ነገር ችላ እንዲሉ ተደርገው ተሠርተዋል። የመኪና መመሪያ መጻሕፍት ይህን ይጽፉታል። ገልጦ የሚያነባቸው ግን ጥቂት ነው።

መዘዙ በጥር 2018 በካሊፎርኒያዋ ከልቨር ሲቲ ታይቷል። ፍጥነቱ በሰዓት 80 ማይል ላይ የተወሰነለት ቴስላ ሞዴል ኤስ በመጨናነቅ ምክንያት ሌላ መኪና እየተከተለ በዝግታ ይጓዝ ነበር። ከፊቱ የነበረው መኪና መስመር ቀይሮ ዞር ሲል ከበስተጀርባው የቆመ የእሳት አደጋ መኪና ነበር። ሥርዓቱ መንገዱ እንደተለቀቀለት ቆጥሮ ፍጥነት ጨመረ፤ በሰዓት 31 ማይል ወይም 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደም ከእሳት አደጋ መኪናው ጋር ተጋጨ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምክንያቱን ሲመረምር አሽከርካሪው ትኩረቱን ከመንገዱ ማንሣቱንና በሥርዓቱ ላይ ከመጠን በላይ መተማመኑን ጠቅሷል። ቦርዱ የሥርዓቱን ንድፍም ወቅሷል፤ አሽከርካሪው ከመንዳት ሥራው እንዲዘናጋ ፈቅዷል በሚል።

ካሜራን ከራዳር ጋር ያጣመሩት የቅርብ ጊዜ መኪኖች የቆመ ተሽከርካሪን በመለየት ረገድ ይሻላሉ። ሆኖም በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ አምራቾቹ ራሳቸው ዋስትና አይሰጡም።

ምልክት የሚያነበው ዓይን

ምልክት የሚያነበው ካሜራ የሚገኘው በፊት መስታወቱ ላይ፣ ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ ነው። በ2008 ቢኤምደብሊው በ7 ሲሪየስ፣ ኦፔል ደግሞ በኢንሲኝያ መኪናቸው ላይ አቀረቡት። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ቅርጽና ቀለም ይፈልጋል፤ ከዚያም በውስጡ ያለውን ቁጥር አስቀድሞ ከሠለጠነባቸው ምስሎች ጋር ያስተያያል። ብዙዎቹ መኪኖች ንባቡን በካርታ ላይ ከተመዘገበው የፍጥነት ወሰን ጋርም ያመሳክራሉ።

ሥራውን ያቀለለው በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ነው። ስምምነቱን በሚከተሉ አገሮች የፍጥነት ወሰን በቀይ ቀለበት ውስጥ ይጻፋል። በአሜሪካ ግን ነጭ አራት ማዕዘን ላይ በጥቁር ይጻፋል፤ መለኪያውም ማይል ነው። ለአንዱ አገር የሠለጠነ ካሜራ በሌላው አገር ሊደናገር የሚችለው ለዚህ ነው።

በሠለጠነበት አገርም ቢሆን ይስታል። በአውሮፓ ከባድ መኪኖች ከኋላቸው የሚለጥፉትን የራሳቸውን የፍጥነት ወሰን የመንገዱ ሕግ አድርጎ ያነበዋል። ከአውራ ጎዳናው ለሚወጡ ብቻ የተተከለውን ምልክት ቀጥታ ለሚሄደውም ይወስደዋል። "በዝናብ ጊዜ" ወይም "ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት" የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ያለበት ምልክት ደግሞ የተለየ ፈተና ነው።

በ2020 የማካፊ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ35 ማይል ምልክት ላይ አጭር ጥቁር ፕላስተር ለጥፈው የ"3"ን መካከለኛ መስመር አስረዘሙ። የ2016 ቴስላ መኪኖች ቁጥሩን 85 ብለው አነበቡት፤ ክሩዝ ኮንትሮሉም ወደዚያ ፍጥነት መገስገስ ጀመረ። በኋላ በተሠሩ ካሜራዎች ላይ ዘዴው አልሠራም።

ከሙከራው ሊወሰድ የሚገባው ግን ከፕላስተሩ ይልቅ የሁለቱ ሥርዓቶች መገናኘት ነው። ንባቡ በዳሽቦርድ ላይ ብቻ ሲታይ ስህተት ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሰውዬው አይቶ ያልፈዋል። ንባቡ ፍጥነቱን በሚያዘው ሥርዓት ላይ ሲቀጠል ግን የተሳሳተች አንዲት አሃዝ ድንገተኛ ፍሬን ወይም ያልታሰበ ፍጥነት ትሆናለች።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥንቃቄ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በኅብረቱ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ፍጥነት ሲታለፍ አሽከርካሪውን የሚያስጠነቅቅ ወይም በቀስታ የሚገታ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን አሽከርካሪው ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ በመርገጥ ሊያልፈው ይችላል። ማጥፋትም ይችላል። መኪናው እንደገና ሲነሣ ግን ሥርዓቱ ተመልሶ ይበራል።

መንገዱ ሲለወጥ

ኬንያ ከስምንት ዓመት ያልበለጡ ያገለገሉ መኪኖችን ታስገባለች፤ ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ ናቸው። ሬዲዮናቸውና ካርታቸው ጃፓንኛ ሆኖ መምጣቱ ለአካባቢው ገዢ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና ናይሮቢ ውስጥ የሚያመሳክርበት ካርታ የለውም፤ ካሜራው ባየው ላይ ብቻ ይደገፋል።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ለአዳፕቲቭ ክሩዝ የሚመች ነው። መመላለሻው የተለየ፣ ዳሩ የታጠረ ነው። ከዚያ ሲወጡ ግን መንገዱን ከብት፣ ጋሪ፣ ባጃጅና እግረኛ ይጋሩታል። ሰውም ሆነ እንስሳ የሚመልሰው የራዳር ሞገድ ከጭነት መኪና እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከፍተኛው ሞት የተመዘገበው በአፍሪካ ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

ጋራዡ የሚያውቀውና የማያውቀው

የተሰነጠቀ የፊት መስታወት መቀየር ቀድሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ካሜራ ባለው መኪና ላይ ግን መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው በልዩ ሰሌዳና ኮምፒውተር እንደገና መስተካከል አለበት። ማዕዘኑ በጥቂቱ ከተዛነፈ በሩቅ ያለውን መኪና በሌላ መስመር ላይ እንዳለ ሊቆጥር ይችላል።

ራዳሩም እንዲሁ ነው። የተጋጨ የፊት መከላከያ በወፍራም ስቱኮና በተደራራቢ ቀለም ሲጠገን ሞገዱ ይዳከማል። ከፊት የሚገጠም የብረት መከላከያም ይጋርደዋል። የክረምት ጭቃ ብቻውን ሥርዓቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ ያኔ ዳሽቦርዱ ራዳሩ እንደተሸፈነ ይናገራል፤ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክሩዝ ኮንትሮል ያለው መኪና ሁሉ አዳፕቲቭ አይደለም። የፍጥነት መለኪያ ምስል ከቀስት ጋር ብቻ የሚታይ ከሆነ የቲተር ዘመን ዓይነቱ ነው፤ ከፊት መኪና ቢኖርም ፍሬን አይዝም። የመኪና ምስልና ርቀትን የሚያሳዩ ጭረቶች ካሉ አዳፕቲቭ ነው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ሁለቱም አሉ፤ በመሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ረዘም አድርጎ መጫን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። መኪናው ይቆምልኛል ብሎ እግሩን ያነሣ አሽከርካሪ ሳያውቀው በማይቆመው ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ምስል እንደበራ ማየት ያስፈልገዋል።