የዘይት ግፊትና የታስማን ባሕር በረራ

ለአውሮፕላን ሞተር የዘይት ግፊት ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደ ሆነ በጉልህ ከሚያስረዱት የበረራ ታሪኮች አንዱ፣ ግንቦት 7 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1935) በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ መካከል በሚገኘው በታስማን ባሕር ላይ የተፈጸመው ነው። ድርጊቱ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በጀግንነቱ ነው። ለሞተር ባለሙያ ግን ከጀግንነቱ ባሻገር የሚያስተምረው ሌላ ቁም ነገር አለው፤ ይኸውም መድኃኒቱ የተሳካው የበሽታው ምክንያት በትክክል ስለ ታወቀ መሆኑ ነው።

«ሳውዘርን ክሮስ» የተባለችው አውሮፕላን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር ስትሆን፣ ሞተሮቿ 9 ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩባቸውና እያንዳንዳቸው 220 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጡ ራይት ዊርልዊንድ ነበሩ። ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1928 ከጓደኞቹ ጋር ሰላማዊ ውቅያኖስን ከአሜሪካ እስከ አውስትራሊያ ያቋረጠው በዚህችው አውሮፕላን ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ የተዘጋጀውን ልዩ ፖስታ ወደ ኒውዚላንድ ለማድረስ ሲነሣ፣ ረዳት አብራሪው ፓትሪክ ጎርደን ቴይለር፣ የራዲዮ ሠራተኛውም ጆን ስታኔጅ ነበሩ።

ከሪችመንድ ተነሥተው ስድስት ሰዓት ያህል እንደ በረሩ፣ ከመካከለኛው ሞተር የጢስ ማውጫ ተሰብሮ የወጣ ቁራጭ የቀኙን ፕሮፔለር መታው። በፕሮፔለሩ መጎዳት አውሮፕላኗ በኃይል ትንቀጠቀጥ ስለ ጀመር፣ ኪንግስፎርድ ስሚዝ የቀኙን ሞተር አጥፍቶ ፊቱን ወደ አውስትራሊያ መለሰ። ክብደት ለመቀነስም ጭነቱ፣ ኋላም ፖስታው ወደ ባሕር ተጣለ። ሆኖም የሦስቱን ሸክም ለሁለት ከተሸከሙት ሞተሮች የግራው ከልክ በላይ ዘይት ይፈጅ ጀመር፤ የግፊቱም ጠቋሚ ወደ ታች ወረደ።

የቆመው የቀኝ ሞተር ታንክ ግን ዘይት ነበረው። ቴይለር ከአብራሪው ክፍል ወጥቶ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚገፋ ነፋስ ውስጥ፣ አግዳሚውን ብረት እየረገጠ ወደ ቀኙ ሞተር ተሻገረ። ዘይቱን በፔርሙዝ እየቀዳ ለስታኔጅ አቀበለው፤ ስታኔጅም በትንሽ ሻንጣ አጠራቀመው። ከዚያም ቴይለር በሌላው ጎን ወጥቶ ዘይቱን በግራው ሞተር ታንክ ጨመረ። እርሱ እስኪጨምር ድረስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ የግራውን ሞተር ኃይል መቀነስ ስለ ነበረበት፣ አስቀድሞ ያገኘው ከፍታ ወዲያው ያልቅ ነበር። ቴይለር በዚህ ሥራ ስድስት ጊዜ ወጣ። ከተነሡ 15 ሰዓት ያህል ቆይተው በሲድኒ ማስኮት በሰላም አረፉ።

ይህ ዘዴ የሠራው ለምንድን ነው? እንደሚታወቀው ፓምፕ በራሱ የሚሰጠው ፍሰትን ነው፤ ግፊት የሚገኘው ያ ፍሰት በኮሎውና በብሮንዚናው መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ከሚገጥመው መታገድ ነው። ስለዚህ ግፊት የሚወርድባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዘይቱ ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይቀጥናል። ብሮንዚናው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ሳይዘጋ ሲቀር ወይም ሞላው ሲደክም ዘይቱ ሥራውን ሳይፈጽም ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜም ሞተሩ ደኅና ሆኖ ጌጁ ይዋሻል። በታስማን ባሕር ላይ የጎደለው ዘይቱ ራሱ ነበር፤ ብሮንዚናው ቢቃጠል ወይም ፓምፑ ቢሰበር ኖሮ የቴይለር ድካም ሁሉ ከንቱ በቀረ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው የምርመራ ቅደም ተከተል ዛሬ በትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተሮች ላይም ያው ነው። በምድር ላይ መጀመሪያ የዘይቱ መጠን ይለካል፤ ጌጁም ትክክለኛነቱ በተረጋገጠ ሌላ ጌጅ ይመሳከራል። ቀጥሎ ሙቀቱ፣ ማጣሪያውና ቫልቩ ይታያሉ፤ በማጣሪያው ውስጥ የብረት ብናኝ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ውስጥ ያመራል። በአየር ላይ ግን ግፊቱ ወርዶ ሙቀቱ ከወጣ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ሙቀቱ ባለበት ቢቆይም እንኳ አብራሪው ጌጁን በመጠርጠር ብቻ ጉዞውን መቀጠል አይገባውም፤ ቅርብ ወደ ሆነው ማረፊያ ማምራት አለበት።

የቫልቩን ሞላ አጥብቆ ጠቋሚውን ወደ አረንጓዴው መስመር መመለስ ቀላል ነው። ለምሳሌ በላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር በዝግታ ሲዞር ግፊቱ በካሬ ኢንች ከ25 ፓውንድ በታች መውረድ የለበትም። ምክንያቱ ሳይመረመር በማጥበቅ ብቻ ይህን ቁጥር ማግኘት ግን የተበላውን ብሮንዚና አያድነውም፤ በሽታውን ለሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ቴይለር ስለዚህ ተግባሩ እ.ኤ.አ. በ1937 ሜዳይ ተሸለመ፤ ሜዳዩም ኋላ በጆርጅ መስቀል ተለወጠለት። ኪንግስፎርድ ስሚዝ በዚያው በ1935 በኖቬምበር ወር በሌላ አውሮፕላን ሲበር ጠፍቶ ቀረ። «ሳውዘርን ክሮስ» በብሪዝበን አውሮፕላን ማረፊያ ተጠብቃ ትገኛለች። ሦስቱን ሰዎች ለዚያ ሁሉ መከራ የዳረጋቸው ግን ከዘይት ጋር አንዳች ግንኙነት ያልነበረው የጢስ ማውጫ ቁራጭ ነበር። በዘይት ጌጅ ላይ የሚታየው ብልሽት ሁልጊዜ ከዘይቱ መንገድ አይጀምርም።