ነጻ ጭስ፣ ባለ ዋጋ ጭስ

የካርቦን ሕግ ፋብሪካ ያዘጋል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እስቲ ታሪኩን እንየው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ለፋብሪካዎች የልቀት ጣሪያ አበጀ። ከድርሻው በላይ የለቀቀ ፈቃድ ይገዛል፤ የቆጠበ ይሸጣል። ችግሩ ፈቃዱ በገፍ፣ ያውም በነጻ መታደሉ ነበር። በ2006 ልቀቱ ሲቆጠር ፈቃዱ ተርፎ ተገኘ፤ በ2007 የቶኑ ዋጋ ዜሮ አፋፍ ደረሰ። ታዲያ ማን ምድጃውን ይቀይራል?

ጣሪያው ሲጠብቅ፣ በ2023 ዋጋው 100 ዩሮ አለፈ። አምራቾቹ ሕግ ከሌለበት አገር የሚመጣ ርካሽ ዕቃ ገበያችንን ይነጥቀናል እያሉ ሲጮኹ ኖረዋል። ኅብረቱም ከ2026 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ ላይ የካርቦን ክፍያ ጣለ።

እንደገባን ከሆነ ፋብሪካን የሚለውጠው ሕጉ ሳይሆን የጭሱ ዋጋ ነው። ሂሳቡ ግን ሕጉ ሲወጣ ያልተጠየቀ የሩቅ አገር ሠራተኛም ደጅ ይደርሳል።